የተከልነው ደንገል ግማሹ ሰጠመ፣ ግማሹ ደረቀ፤ ምን አጥፍተን ነው?

ቡና በዳርቻው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከወራሚት ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ፣ ባህሩ (ጣና) ዳር፣ ጀበና ቡና የምሸጥባት አንዲት ዳስ አለችኝ። ዛሬ የመጣሁት ግን ስለ ደንገል፣ ታንኳ ስለሚሠራበት የባህር ዳርቻ ተክል፣ ልጠይቅ ነው።

ልጅ ሳለሁ ከአጥራችን እስከ ውሃው ድረስ ደንገል ነበር። እናቴ «ጉማሬ አለ» እያለች ታስፈራራን ነበር፤ ደግሞም ነበረ። የበዓል ቄጠማ የምናጭደው ከዚያው ነው፣ በገንዘብ መግዛት ነውር ይመስለን ነበር። አሁን ለአንድ እቅፍ ገበያ እወርዳለሁ። ታንኳ የሚሠሩት ጎረቤታችን ደንገል ፍለጋ ግማሽ ቀን ቀዝፈው ይሄዳሉ። ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው ጥቂት ወር ነው፤ እሳቸው ደንገል ፈልገው ጨርሰው አያውቁም።

አምና በግንቦት አንድ ፕሮጀክት መጥቶ ሰፈሩን አስተባብሮ ደንገል አስተከለን። ሥሩ (እንደ ዝንጅብል በአግድም የሚሄደው) በማዳበሪያ ከረጢት ተጭኖ መጣ። ለጭነት እንዲመች አገዳው ሁሉ አንድ ስንዝር ብቻ ቀርቶ ተቆርጧል። ባህሩ ሸሽቶ ጭቃው ተገልጦ ስለነበር ሥራው ቀሎን በሦስት ረድፍ ተከልን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ለስላሳ ጠጣን፣ ሄዱ።

በነሐሴ ውሃው የታችኛውን ረድፍ ዋጠው። በጥር ውሃው ሲሸሽ ገብቼ አንዱን ብነቅለው ሥሩ እጄ ላይ እንደ በሰበሰ ሙዝ ፈረሰ፤ ሽታው የተበላሸ እንቁላል። የላይኛው፣ አጥሬ ሥር ያለው ረድፍ ክረምቱን አልፎ ነበር። በመጋቢት ግን መሬቱ እጅ እስኪያስገባ ተሰነጠቀ፣ ደረቀ፣ የቀረውን የጎረቤት ላሞች ጨረሱት። የተረፈችው መሃል ላይ ያለችው፣ ወርዷ ሁለት እርምጃ የማይሞላ ጭረት ናት። እሷ ደግሞ ዛሬ ከእኔ ቁመት በልጣለች!

ደንገል የውሃ ተክል አይደለም እንዴ? ውሃ እንዴት ይገድለዋል? የጠየቅሁት ሁሉ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብሎኝ ያልፋል። ይሁን፤ ታዲያ ያቺ ሁለት እርምጃ ምን አግኝታ ተረፈች?

የዘጌ ካፒቴን፦

እህትዓለም፣ ሰማዩን ብቻ አትክሰሺው። ባህሩ ድሮ በራሱ ልክ ይሞላ፣ በራሱ ልክ ይጎድል ነበር። በ1988 ዓ.ም. አባይ ከባህሩ በሚወጣበት በጨረጨራ ላይ በር ተሠራለት፣ በ1993 በሩ ተጨመረ፣ ከ2002 ወዲህ ደግሞ በምዕራብ በኩል በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወርዳል፣ መብራት ያመነጫል። 460 ሜጋ ዋት ቀላል አይደለም፣ መብራቱን እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ውሃው መቼ እንደሚወርድና መቼ እንደሚወጣ የሚወስነው ዝናብ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

በ1995 እኔ ረዳት ነበርኩ። የቀደመው ክረምት ዝናቡ ከዳ፣ ውሃው ደግሞ ለመብራት ይለቀቅ ነበር፤ ሁለቱ ገጠሙ። የባህሩ ውሃ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1784.75 ሜትር በታች ሲወርድ ትልልቆቹ ጀልባዎች መሄድ ስለማይችሉ ለወራት ቆሙ። ባህሩ ውስጥ በእግራችን እየሄድን ነበር። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ደንገሉ ነው፤ ጭቃ ላይ ተኝቶ ቀረ። ደንገል ሲያረጅ ሥሩ ተጠላልፎ እንደ ምንጣፍ ይሆናል፣ ዳርቻው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ባህሩ ሲነሣ አብሮ ይነሣል። መሬት ላይ ከተኛ ግን ላምም ይገባበታል፣ እሳትም ይገባበታል።

እናንተ የተከላችሁት ቁርጥራጭ ነው። ቁርጥራጭ አይንሳፈፍም።

መምህር ከፔዳ፦

ካፒቴኑ ዋናውን ነገር ነካክቶታል። እኔ አገዳው ላይ ላቁም፣ ምክንያቱም የታችኛውን ረድፍ የገደለው እዚያው ነው ብዬ አስባለሁ።

ያቺ የተረፈችው ዘንድ ሂጂና አንዱን አገዳ በቢላ አግድም ቁረጪው። ውስጡ ነጭ፣ ስትጫኚው የሚመለስ፣ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ያለው ነው። ታንኳን የሚያንሳፍፈው ይኸው ነው፤ ለተክሉ ግን የመተንፈሻ ቱቦው ነው። ውሃ የተኛበት ጭቃ ውስጥ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል (የእንቁላሉ ሽታ ከዚያ ነው)። ሥሩ የሚኖረው ከላይ፣ አየር ላይ ካለው አረንጓዴ ክፍል በአገዳው ውስጥ በሚወርድለት አየር ነው። አንድ ስንዝር ተቆርጦ በግንቦት ተተከለ፣ አቆጥቁጦ ሳይበቃ የክረምቱ ውሃ ከላዩ አለፈ። ቱቦው በውሃ ተደፈነ ማለት ነው። ፊላን ማጥፋት የሚፈልጉ ሰዎች ሌላ አገር ሆን ብለው ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ከውሃው በታች አጭደው ይተዉታል፣ ታፍኖ ይሞታል። እናንተ ሳታውቁት ደንገል ላይ አደረጋችሁት።

አሁን ወደ ሁለት እርምጃዋ። ጣና ትልቅ ሆኖ ጥልቅ አይደለም፣ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። በሰኔ ዝቅ ይላል፣ በመስከረም መጨረሻ ከፍ ይላል፣ ልዩነቱ በደህናው ዓመት አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ነው። ዳርቻው ለጥ ያለ ስለሆነ ቁልቁል አንድ ክንድ ሲወርድ አግድም ብዙ እርምጃ ይሸሻል። ደንገል ከታች «እዚህ እሰጥማለሁ» የሚልበት፣ ከላይ ደግሞ «እዚህ እደርቃለሁ» የሚልበት መስመር አለው። የሚኖረው በሁለቱ መካከል ነው። ከበላዩ ፊላው፣ ከዚያ ቄጠማውና ሣሩ ይቀጥላል። የውሃው መውጣትና መውረድ ሲሰፋ ሁለቱ መስመሮች ይቀራረባሉ። የአንቺ ሁለት እርምጃ ያ የቀረው መካከል ነው።

አየሩስ? ሙቀት ሲጨምር ትነት ይጨምራል፤ ጣና አሁንም ቢሆን በዓመት ወደ 1.6 ሜትር የሚጠጋ ውሃ በትነት ብቻ ያጣል። ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ባንዴ ሲወርድ ደግሞ ውሃው ቡቃያው ከሚያድግበት ፍጥነት ቀድሞ ይነሣል።

አንድ ነገር ግን ላርም፦ የውሃ መሸሽ ብቻውን ጠላት አይደለም። የደንገል ዘር ውሃ ሥር አይበቅልም፤ የተገለጠ እርጥብ ጭቃና ብርሃን ይፈልጋል። ችግሩ ያንኑ ጭቃ እንቦጭም መፈለጉ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ስንነቅለው የኖርነው እንቦጭ ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። አንዴ ከበቀለ ደግሞ ተንሳፋፊ ስለሆነ ውሃው ቢወጣም ቢወርድም ግድ የለውም። ለሱ ሁሉም ዓመት ደህና ነው።

የጉማራ ልጅ፦

መምህር ጥሩ ብለዋል፣ ግን ማረሻውን ዘለሉት። እኔ ፎገራ ነኝ። ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት «ባህር ሸሽ» እንለዋለን፤ ጓያና ሽምብራ ያለ ዝናብ በእርጥበቱ ብቻ ያበቅላል። አባቴ ደንገል ነቅሎ አርሷል፣ እኔም አርሻለሁ፣ አልዋሽም። ሥሩ ማረሻ ላይ ሲጠመጠም በሬ ያቆማል፤ አንድ ጥማድ ለማረስ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። በመጀመሪያው ዓመት ያገኘሁትን ምርት ዳግመኛ አላየሁትም፣ እንደዚያ ያለ ጥቁር አፈር ነው።

ባለ መሬት ሁሉ ውሃው ትንሽ በሸሸ ቁጥር አጥሩን ወደፊት ይገፋል። በማግሥቱ ዓመት ውሃው ሲመለስ ደንገሉ የሚመለስበት ቦታ አያገኝም፣ ተይዟል። አሣ አጥማጁ ወንድሜ በዚህ ይረግመኛል፤ ቀረሶና አምባዛ የሚፈለፈሉት እዚያ ሣሩ ሥር ነውና። በበዓል አንድ ገበታ ላይ ስንቀመጥ እናቴ ወሬ የምታስቀይረው በዚህ ምክንያት ነው።

ላሞቹን ግን አትርሺ እህቴ። በበጋ አረንጓዴ የሚባል እዚያ ብቻ ነው።

መምህር ከፔዳ፦

ትክክል፣ ማረሻውን ዘልዬዋለሁ። የላሞቹም ነገር የኛ ብቻ አይደለም። ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ላይም ውሃው ሲሸሽ ደንገሉ መሬት ላይ ቀርቶ ጎሽ ገብቶ ረግጦታል፣ ግጦታል። ውሃው ራሱ አጥር ነበረ።

ቡና በዳርቻው፦

መምህር፣ አገዳውን ቆረጥኩት። እንዳሉት ነው፤ ስጫነው አረፋ እያወጣ ተመለሰ። ከዚያ ሄጄ ያን የበሰበሰ ረድፍ ሳስበው አዘንኩ፣ በገዛ እጃችን አፍነነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እንዳትስቁ። ጀልባ የሚታሰርበት የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ውሃው የደረሰበትን በጥፍር ቀለም ምልክት አደርጋለሁ። የጀመርኩት ደንበኞች «ዘንድሮ ሞልቷል፣ አልሞላም» እያሉ ሲከራከሩብኝ ነው። የመስከረሙ ቀይ መስመር ደረቴ ላይ ነው፣ የሰኔው ሮዝ ቁርጭምጭሚቴ ላይ። ትናንት ገመድ ይዤ ከግንዱ ወደ ጭረቷ ለካሁ፤ በመስከረም ከጉልበት የማያልፍ ውሃ የሚተኛባት፣ በሰኔም ጭቃዋ የማይደርቅ ቦታ ላይ ናት። እኛ ግን በፕሮጀክቱ ገመድ ቀጥ አድርገን ነበር የተከልነው።

ስለዚህ በግንቦት አልተክልም። ኅዳር ላይ፣ ውሃው መሸሽ ሲጀምር፣ ከነሙሉ አገዳው ተክዬ እስከ ሐምሌ ጊዜ ብሰጠው ይቀድመዋል ወይ? ጋሼ ካፒቴን፣ ሳይቆራረጥ ጓል ጓሉን የት አገኛለሁ?

የዘጌ ካፒቴን፦

ይቀድመዋል፣ ደንገል ሲያድግ ፈጣን ነው። እኛ ዘንድ ንፋስ ገንጥሎ የሚያመጣው ጓል አለ፣ የሰው ደንገል አንነካም። በጀልባ ጎትቼ አመጣልሻለሁ። ችካል አዘጋጂ፣ በገመድ ላላ አድርገሽ ታስሪዋለሽ፤ ጥብቅ ካሰርሽው ውሃው ሲነሣ መነሣት አይችልም።

ቡና በዳርቻው፦

ችካሉ ከእኔ። የላሞቹን ባለቤት ዛሬ ማታ ላናግረው ነው፤ የታጨደ ሣር በሳምንት ሁለት ሸክም ካቀረብኩለት በጋውን እንዲያስርልኝ። ሦስት ሸክም ይለኛል፣ አውቀዋለሁ።