የእናቴ ክኒን የማን ሥራ ነው?

ጥያቄ፣ ከጎንደር
ሰላም ለሁላችሁም። ለጥምቀት መጥቼ እናቴ ቤት አዘዞ ከርሜአለሁ። የግፊት መድኃኒቷን ሊሲኖፕሪልን ታናሽ እኅቴ ከአሜሪካ ትልክላታለች፤ ሻንጣው እንዳይሞላ ከጠርሙሱ እያወጣች በላስቲክ ነው የምትቋጥረው። ዛሬ የእናቴን የመድኃኒት ጣሳ ስከፍት ሮዝ ክኒን፣ ነጭ ክኒን፣ ከፒያሳ የተገዛና በመቀስ የተቆረጠ ብልጭልጭ እሽግም አገኘሁ። «ሁሉም ያው ለግፊት ነው» ትላለች። አምራቹ በምን ይታወቃል?

መልስ፣ ከዴንቨር
እኅቴ፣ እናታችንን እግዚአብሔር ይማርልን። እዚህ ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ የማውቀውን ልንገርሽ። ሮዙንና ነጩን ወደ መስኮት ወስደሽ አገላብጠሽ እዪ። አሜሪካ ውስጥ ከ1995 ጀምሮ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ የሚዋጥ ክኒን ሁሉ መለያ ጽሑፍ እንዲኖረው ደንቡ ያስገድዳል። ጽሑፉ፣ ቅርጹና ቀለሙ ሲደመሩ መድኃኒቱንና ኩባንያውን ይነግራሉ። ክብ ሮዝ ሆኖ «ሉፒን» እና 10 የሚል ካለው፣ የሕንዱ የሉፒን ኩባንያ 10 ሚሊግራም ሊሲኖፕሪል ነው። ቁጥር ሁሉ ግን ሚሊግራም አይምሰልሽ፤ የኩባንያው የራሱ መለያ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ምንም ያልተጻፈበት ክኒን ከሆነ በቀለሙ አትገምቺ። በብዙ አገር ክኒኑ ላይ መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ የሚናገረው እሽጉ ብቻ ነው። ያንን ደግሞ መቀሱ በልቶታል! የባች ቁጥሩ (አብሮ የተመረተው ክምችት መለያ) እና የሚያበቃበት ቀን ብዙ ጊዜ እሽጉ ጫፍ ላይ ስለሚታተም፣ ግማሹን የገዛ ሰው ጽሑፉን ለሌላው ትቶ ይሄዳል። ወደ ገዛችሁበት ፋርማሲ ተመልሰሽ ካርቶኑን አሳዩኝ በዪ። ካርቶኑ ላይ ሁለት ኩባንያ ካየሽ አትደናገጪ፤ አንዱ የሠራው፣ ሌላው የሚሸጠው ነው።

ታናሽሽ ጠርሙሱን ካልጣለችው የላዩን ወረቀት ፎቶ አንስታ ትላክልሽ፤ የአምራቹ ስም ብዙ ጊዜ በአጭሩ እዚያ ይጻፋል። ፋርማሲ አቅራቢ ሲቀይር የክኒኑ መልክ አብሮ ይቀየራል፤ ሮዙና ነጩ አንድ መድኃኒት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለቱንም ከወሰዱ ደግሞ ከታዘዘላቸው በላይ ይሆናል። እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። እናታችን እንዴት እየወሰዱ ነው?

ጠያቂዋ
ጋሼ፣ አሁን ጠየቅኋት። ሮዙን ጠዋት፣ ነጩን ማታ። ሰሞኑን ከመደብ ስትነሳ ያዞራት የነበረው ለካ! ጣሳውን አንሥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ አሁኑኑ ይዣት ሐኪም ቤት ልሄድ ነው።