አባቴን እንዲህ የሚያወዛውዘው በሽታው ነው ወይስ መድኃኒቱ?

የመርካቶ ልጅ (ጅማ)፦
ሰላም ቤተሰብ። አባቴ ፓርኪንሰን ካለበት ቆይቷል፣ ሌቮዶፓ ካርቢዶፓ ባለ 250/25 ነው የሚውጠው። በፊት እጁ ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው አሁን ግን ሌላ ነገር መጣ፣ ኪኒኑን ከዋጠ ትንሽ ቆይቶ አንገቱ ትከሻው እግሩ ሁሉ እየተጠማዘዘ ይወዛወዛል፣ ስኒ ብናስይዘው ቡናው ልብሱ ላይ ነው። ደግሞ የሚቀጥለው ኪኒን ሰዓት ሲቃረብ ድርቅ ብሎ ይቀራል፣ በሩ ድረስ እንኳ መሄድ ያቅተዋል። መንገድ ላይ ሰው ቆሞ ያየዋል፣ ጎረቤታችን "ዛር ነው ጠበል ውሰዱት" ብላ ይዛናለች። እናቴ መድኃኒቱን እናቁምለት እያለች ነው እኔ ፈራሁ። ምን ትላላችሁ?

ሰቃ በር፦
እህቴ እንዳታቆሙት! ሌቮዶፓ በድንገት ከተቋረጠ ኃይለኛ ትኩሳትና የሰውነት መገተር ሊያመጣ ይችላል፣ ሕይወት የሚያሳጣ ነገር ነው። የምትይው ዲስኪኔዥያ የሚሉት፣ ከመድኃኒቱ የሚመጣው መወዛወዝ ይመስለኛል፣ እናቴም አለባት። ሐኪሟ እንዳስረዳን መጀመሪያ አካባቢ አንጎል ከሌቮዶፓው የሚሠራውን ዶፓሚን፣ ማለት እንቅስቃሴን የሚያስተካክለውን ኬሚካል፣ አስቀምጦ ቀስ እያለ ይጠቀምበታል፣ በሽታው ሲገፋ ግን የሚያስቀምጡት ሴሎች እያለቁ ይሄዳሉ፣ መድኃኒቱ ደግሞ ደም ውስጥ በሰዓት ተኩል ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ከፍ ሲል መወዛወዝ ዝቅ ሲል መድረቅ ነው። ስንት ሰዓት እንደዋጠ፣ ስንት ሰዓት እንደጀመረው፣ መቼ እንደደረቀ ጻፊ፣ በስልክሽም ቅረጪው። ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ምንም ሳይታይባቸው ይወጣሉ እኮ፣ ይሄ ነው እኛን ያደከመን።

ፋርማሲ ነኝ፦
ከላይ የተባለው ትክክል ነው። ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ዶዝ አሳንሶ ቶሎ ቶሎ እንዲወሰድ ያደርጋል፣ ወይ አማንታዲን ይጨምራል። አማንታዲን መወዛወዙን ይቀንሳል ግን እንቅልፍ ስለሚነሳ ማታ አይወሰድም፣ አንዳንድ ሽማግሌ ላይ ደግሞ የሌለ ነገር ያሳያል፣ ኩላሊት ችግር ካለበት ይነገር። አርቴን የሚሉትን የመንቀጥቀጥ ኪኒን የሚወስድ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪ፣ መወዛወዙን ሊያባብስ ይችላል፣ ትልልቅ ሰዎችንም ያደናግራል። ሌላ ሰው የማይነግርሽ ነገር፣ ለማቅለሽለሽ ብለው ፕላዚል እንዳይሰጡት፣ ዶፓሚንን ስለሚዘጋ ፓርኪንሰኑን ያባብሰዋል። ኪኒኑን ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ቢወስድ ይሻላል፣ ሥጋና እንቁላል አብሮት ከተበላ ኪኒኑ ወደ ደም መግባቱን ያዘገየዋል፣ የአይረን ኪኒንም እንደዛው። እና ባቄላ! በተለይ እሸቱ ራሱ ሌቮዶፓ አለው፣ በባቄላ ወቅት ደህና አድርጎ ከበላ መወዛወዙ ሊጨምር ይችላል።

አጂፕ ሰፈር፦
ልጄ እኔ ራሴ ታማሚ ነኝ። ሰው ሁሉ መወዛወዙን ያያል፣ መድረቁን ግን ማንም አያየውም ምክንያቱም ያን ጊዜ ቤት ነው ያለነው። እኔን ብትጠይቂኝ እየተወዛወዝኩ ገበያ ብሄድ ይሻለኛል ሽንት ቤት መሄድ አቅቶኝ ልጄን ከምጠራ። እናንተን እንጂ እሱን ላይረብሸው ይችላል፣ አንዳንዱ እንደሚወዛወዝ ራሱ አያውቀውም። ዶዝ ይቀነስ ከማለታችሁ በፊት የትኛው እንደሚከብደው ጠይቂው። ጠበሉን ከፈለገ ይጠመቅ ማን ከለከለው፣ ኪኒኑን ግን ሰዓቱን ጠብቆ ይዋጥ።

የመርካቶ ልጅ (ጅማ)፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ጠየቅኩት፣ "እናንተ ናችሁ የምታፍሩት እኔ ምን ሆንኩ" አለኝ፣ እናቴም ስቃ ዝም አለች 😅 የሚከብደው ሌሊት ላይ ድርቅ ሲል መገላበጥ አለመቻሉ ነው፣ እኛ ደግሞ አንድ ቀን ስለሱ አንስተን አናውቅም። የባቄላውንም ዛሬ ነው የሰማሁት፣ የጾም ሰሞን በየቀኑ ነው የሚበላው። ቀጠሮው ቀርቧል፣ የዛን ዕለት ጠዋት ኪኒኑን ሳይወስድ ይሂድ ወይስ ወስዶ?

ሰቃ በር፦
ሐኪሙ ሳይውጥ ይምጣ ካላለ እንደወትሮው በሰዓቱ ይዋጥ፣ የዋጠበትንም ሰዓት ጻፊ። ወረፋው ስለማይታወቅ ቀጣዩን ኪኒን ከነውሃው ያዙ፣ እናቴን አንዴ ወንበር ላይ ደርቃብኝ ለአራት ነው ተሸክመን ባጃጅ ውስጥ ያስገባናት።