በዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ የማርኬቲንግና የአውትሪች ሥራ፦ የምታውቁ ምክር ስጡኝ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምኖረው አሜሪካ ነው፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ሰርኩሌሽን (መጻሕፍት የሚዋሱበትና የሚመለሱበት ክፍል) ላይ እሠራለሁ። አለቃዬ ከተማሪዎች ጋር መግባባቴን አይታ በአውትሪች፣ ማለትም ተማሪዎችን ፈልጎ ከላይብረሪው አገልግሎት ጋር በማገናኘት ሥራ፣ ብትገፊበት ያዋጣሻል ትለኛለች። የማርኬቲንግ ዲግሪ ይጠይቃል? ቅላፄዬስ እንቅፋት አይሆንብኝም? በሙያው ያላችሁ ብትመልሱልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። በዚሁ ሥራ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

ከወረቀቱ ልጀምር። የማርኬቲንግ ዲግሪ አያስፈልግሽም። በአካዳሚክ ላይብረሪያንነት ለመቀጠር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው በአሜሪካ ላይብረሪ ማኅበር ዕውቅና ካለው ፕሮግራም የተገኘ ማስተርስ ነው። የኮሙኒኬሽን ቦታዎች ግን አንዳንዴ በአስተዳደር ሠራተኛ መደብ ስለሚወጡ ይህ ዲግሪ ላይጠየቅባቸው ይችላል። ማስታወቂያውን ስታነቢ ይህን ለዪ፤ ደመወዙም፣ ዕድገቱም፣ ቴኑር (ቋሚ የሥራ ዋስትና) መኖር አለመኖሩም እዚያ ላይ ይለያያል። ብድር ከመግባትሽ በፊት ደግሞ መሥሪያ ቤትሽ ለሠራተኛ የትምህርት ክፍያ ይሸፍን እንደሆነ ጠይቂ፤ የሚሸፍኑ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ናቸው። ትምህርቱን ሙሉ በሙሉ በኦንላይን የሚሰጡ ዕውቅና ያላቸው ፕሮግራሞችም አሉ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ኮንስታንስ ሜለን የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተመችውን ጥናት ፈልገሽ አንብቢ። ወደ 6,000 የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተካተቱበት ነው። በየክፍሉ ከ75 እስከ 85 በመቶ የሚሆኑት ምርምር ሊሠሩ ላይብረሪ ሲገቡ መጀመሪያ የተሰማቸው ፍርሃት እንደነበር ጽፈዋል። ተማሪው ሌላው ሁሉ የሚያውቅ፣ ግራ የተጋባው እሱ ብቻ ይመስለዋል። አለማወቁን እንደ ነውር ይቆጥረዋል፤ ቢጠይቅ ደግሞ የሚጋለጥ ይመስለዋል። የአውትሪች ሥራ ዋናው ይህንን ሰው ማግኘት ነው። ፖስተርና ኢንስታግራም የሚረዱት እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው፤ የፈራን ሰው "ኑ" ማለት ብቻውን አያመጣውም።

ሴሚስተር ሲከፈት በጅምላ የሚላከውን ኢሜይል አብዛኛው ተማሪ አያነበውም፤ ያኔ ገና አልቸገረውም። እኔ ከአንዲት የነርሲንግ መምህርት ጋር ተስማምቼ፣ የምርምር ጽሑፉ መመሪያ ላይ የቀጠሮ መያዣ ሊንክ አስገባን። ማስረከቢያው ሲቃረብ ላፕቶፔን ይዤ ክፍላቸው ያለበት ሕንጻ ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣችው ልጅ የጠየቀችኝ ፕሪንተር የት እንዳለ ነበር። ነገርኳት፤ አልሄደችም። ቆየት ብላ "አንድ ጽሑፍ ላነብ ስል ክፈይ ይለኛል" አለች። ላይብረሪያችን የሌለውን ጽሑፍ ከሌላ ላይብረሪ የሚያስመጣውን አገልግሎት፣ ኢንተርላይብረሪ ሎንን፣ ከፍተን ፎርሙን አብረን ሞላን፤ አንድ ሳንቲም አልከፈለችም። በማግስቱ ጓደኞቿን ይዛ መጣች። የፕሪንተሩን ጥያቄ የመሰለ ትንሽ ጥያቄ ሲመጣ ፈጥነሽ ወደ ሥራሽ አትመለሺ፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ከኋላው አለ።

ላይክ ከመቁጠር ስንት ቀጠሮ እንደተያዘ፣ ስንት መምህር በሚቀጥለው ሴሚስተር መልሶ እንደጠራሽ መዝግቢ። በጀት ስትጠይቂ የሚያስፈልግሽ እሱ ነው። የተማሪ ፎቶ ያለ ፈቃዱ አትለጥፊ፤ ማን ምን እንዳነበበ ደግሞ ለማስታወቂያ ቀርቶ ለወሬም አይነሳም። ሌሎች እንዴት እንደሚሠሩ ለማየት ከ1946 ጀምሮ ለላይብረሪ የሕዝብ ግንኙነት ሥራ የሚሰጠውን የጆን ኮተን ዳና ሽልማት አሸናፊዎች ተመልከቺ።

ስለ ቅላፄሽ አትጨነቂ። አንድ ቃል ካልተሰማ ይደገማል። አዲስ አገር ገብቶ የትኛው መስኮት ላይ ማንን እንደሚጠይቅ ሳያውቅ የቆመ ሰው፣ ሜለን በጥናቷ የገለጸችውን ተማሪ ገና ከበር ሲገባ ያውቀዋል። ይህን በማመልከቻ ደብዳቤሽ ላይ በግልጽ ጻፊው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም አበረታቱኝ። ኢንተርቪው ቀኑን ሙሉ ነው ሲሉ ሰምቼ ግን ፈርቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ

ለፋኩልቲ ደረጃ ቦታ (ላይብረሪያኑ እንደ መምህራን በሚቆጠርበት) ብዙ ጊዜ አዎ፣ ቀኑን ሙሉ ነው። ከኮሚቴው ጋር ትነጋገሪያለሽ፣ ምሳ አብረሽ ትበያለሽ፣ ለሠራተኛው ሁሉ ፕሬዘንቴሽን ታቀርቢያለሽ። ርዕሱን አስቀድመው ይልኩልሻል። ስለ አውትሪች በጠቅላላው ከምትናገሪ አንድ የተማሪ ቡድን መርጠሽ ምን እንደሚቸግረው፣ በየትኛው ሳምንት የት እንደምታገኚው፣ መርዳትሽን በምን እንደምታውቂ አሳዪ። ሰርኩሌሽን ላይ በየቀኑ ጥያቄ ስለምትሰሚ ምሳሌ አያጥርሽም፤ ከዛሬ ጀምረሽ ጥያቄዎቹን ብቻ፣ የሰው ስም ሳትጽፊ፣ ማስታወሻ ያዢ። ደብዳቤውን ስትጨርሺ በውስጥ ላኪልኝ፣ አነብልሻለሁ።