አስቸኳይ! የሚኒ ኤክስካቫተር ቼይን ወለቀ፤ ጅማ አጠገብ ማና ነን፣ ዝናብ መጣብን

የማናው ልጅ (ከቀኑ 9፡20)
ሰላም ቤተሰብ። ቼይኑ ወልቋል። በድጂኖ ብንለው ብንለው አልገባም አለ። ዝናቡ በአጋሮ በኩል ጠቁሯል። ማሽኑ ደግሞ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተጭኖ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ምን ላድርግ? ቶሎ በሉልኝ፣ ባትሪዬ 31 ፐርሰንት ነው።

ጭቃ ሹም (9፡22)
የሳይክል ነው የሞተር?

የማናው ልጅ (9፡23)
የኤክስካቫተር ነው ወንድሜ፣ መቆፈሪያ ማሽኗ እንደ ጎማ የምትሄድበት ቼይን፣ ርዕሱን አንብብ እንጂ!

ባለ ሎደሩ (9፡26)
ስንት ቶን ናት? ቼይኑ የብረት ነው የጎማ? በየት በኩል ነው የወጣው፣ ወደ ውስጥ ወይስ ወደ ውጭ? ሜዳ ላይ ናችሁ ተዳፋት ላይ? ሐኪም ጋ ገብተህ "አመመኝ" ብለህ ዝም አልክ እኮ።

የማናው ልጅ (9፡31)
ይቅርታ፣ ተደናግጬ ነው። ሚኒዋ ናት፣ 3 ቶን ተኩል። የጎማ ቼይን። የግራው ነው። ከፊት በኩል ወደ ውስጥ ወጥቷል፣ የኋላው ጥርስ (ቼይኑን የሚያዞረው ባለ ጥርስ ብረት) ላይ ግን ግማሹ አለ። የመሬቱ ባለቤት ሐጂ ቡና ሊተክሉበት ነው ብለው የባህር ዛፍ ጉቶ እየነቀልን ነበር። ትንሽ ተዳፋት ነው። ፎቶ ለጥፌያለሁ።

ጭቃ ሹም (9፡33)
ፎቶውን አየሁት። የጅማውን የቦዬ ረግረግ ጉማሬ ነው ያነሳኸው። ማሽኑ የቱ ጋ ነው?

ጋሽ ዶዘር (9፡40)
የኔ ልጅ፣ አይዞህ። እኛ በዲ 8 ዶዘር ስንሠራ አንድ ሕግ ነበረን። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ኦፕሬተሩ ማሽኑን አንድ ዙር ይዞራል። ቼይኑን ያያል፣ ብሎኑን ያያል፣ ኦሊዮውን ያያል። ያኔ "ቼይን ወለቀ" የሚል ቃል በወር አንዴ አይሰማም ነበር። አሁን ልጆች ስልክ እያዩ ይነዳሉ። ቼይን እንዲሁ ዘሎ አይወልቅም። ላልቶ የከረመ ነው። የላላ ቼይን ተዳፋት ላይ ወደ ጎን ስትታጠፍበት ይወጣል። ሥርና ድንጋይ ከገባበት ደግሞ አለቀ። ባህር ዛፉም ራሱ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለማገዶ ተብሎ የመጣ እንግዳ ነው። ይኸው ዛሬም ጉቶው ከኛ ጋር ይታገላል።

የማናው ልጅ (9፡42)
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አሁን ምን ላድርግ?

ቀዩ አፈር (9፡44)
ግሪሱን አፍስሰህ አላላው። ከዚያ በድጂኖ ይገባል።

የአወይቱ (9፡47)
ግሪሱን አላላው። ከጎን ክዳን አለች፣ እሷን ክፈት፣ ውስጥ ቫልቭ አለ። ሙሉ በሙሉ ፍታው፣ ግሪሱ ይፈሳል፣ አለቀ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መካኒኳ (9፡49)
የአወይቱ፣ ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝና ይሄን አጥፋው። "ሙሉ በሙሉ ፍታው" አይባልም። የማናው ልጅ፣ ቫልቩን እንዳትነካ፣ መጀመሪያ ይሄን አንብብ።

ቼይኑን የሚወጥረው ውስጥ የታመቀ ግሪስ ነው። ከኋላው ደግሞ ትልቅ ስፕሪንግ አለ። ቼይኑ ወልቆ አፈርና ሥር ሲሰነቀርበት ግፊቱ ከወትሮው ይብሳል። ቫልቩን ነቅለህ ካወጣኸው እንደ ጥይት ነው የሚተኮሰው። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ፊት ለፊቱ ቆሞ ሲፈታ ግሪሱ መዳፉን በሳው። ቀዳዳዋ የመርፌ ያህል ናት፣ ደም እንኳ አልፈሰሰም። "ምንም አልሆንኩም" ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ማታ እጁ አበጠ፣ በማግስቱ ቀዶ ጥገና ገባ። ቆዳ ውስጥ የገባ ግሪስ ጠባሳው ሳይሆን ውስጡ ነው የሚገድለው። እንዲህ ያጋጠመው ሰው ባያመውም በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ አለበት።

ስለዚህ ከጎን ቁም፣ ፊትህንም እጅህንም ከቀዳዳው ፊት አርቅ። በቁልፍ ቀስ ብለህ አላላ፣ ከአንድ ዙር አትበልጥ። ግሪሱ እንደ ጥርስ ሳሙና እየተጎተተ ይወጣል። ካልወጣ ጨምረህ አትፍታ። ቼይኑን ትንሽ ነቅነቅ አድርገው።

የአወይቱ (9፡52)
እኔ ሁሌም እንዲህ ነው የምሠራው፣ ምንም ሆኜ አላውቅም።

መካኒኳ (9፡53)
እስካሁን።

ባለ ሎደሩ (9፡55)
መካኒኳ ልክ ናት። እኔ የምጨምረው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ተዳፋት ላይ እንዳለህ አታንሳት። ባኬቱን (የሚቆፍረውን ማንኪያ) ከፊት መሬት ላይ ተክለህ በቡሙ (በክንዷ) እየጎተትክ ወደ ደልዳላው ቦታ አምጣት፣ ቀስ በቀስ። በወለቀው ቼይን አትንዳት፣ ጎማው ውስጥ ያሉት ብረቶች ይሰበራሉ፣ ቼይኑም ያልቃል። ደልዳላ ቦታ ከሌለ በባኬቱ ራስህ ደልድል፣ ለምን መሰለህ ማሽን የሆነችው።

ከዚያ ላይኛውን አካል 90 ዲግሪ ወደ ግራ አዙር፣ ቡሙን ወደተበላሸው ጎን። የባኬቱን ክብ ጀርባ ወደ ታች አድርገህ ግፋ። የግራው በኩል ከመሬት ይነሳል። የፊት ምላጩንም አውርደህ አግዘው። አሁን ያለው ጭቃ ባኬቱን ይውጠዋል፣ ስለዚህ ከሥሩ ጣውላ አንጥፍ። ከተነሳች በኋላ ከሻሲው በታች ግንድ ወይም ወፍራም ጣውላ ደርድር። በሃይድሮሊክ ብቻ ተማምኖ ሥሯ የሚገባ ሰው ቤተሰቡን ይሰናበት።

ጭቃ ሹም (9፡57)
ግንድማ ሞልቷል፣ የሐጂ ባህር ዛፍ ተነቅሎ የለ።

የቡና ገበሬ (10፡02)
እኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ለምን ነው ጉቶውን የምትነቅሉት? በ3 ቶን ተኩል ማሽን፣ በዚህ ክረምት፣ በተዳፋት፣ ቀይ አፈር ላይ? ጉቶ የተነቀለበት ጉድጓድ ዝናብ ሲዘንብበት አፈሩ ወደ ታች ይሄዳል። ከታች ያለው የማን ማሳ ነው? ሐጂን "እስከ መስከረም ይታገሱ" ማለት ይቻል ነበር። ከመሬት ቀርባችሁ ብትቆርጡት፣ ቅርፊቱን ብትልጡት፣ ቡቃያው በወጣ ቁጥር ብትለቅሙት ጉቶው ይደክማል። ቡናውን በመሃል በመሃል ትተክላላችሁ። ጥላ የሚሆን ዋንዛ ወይም ግራር አብራችሁ ትተክላላችሁ።

የማናው ልጅ (10፡05)
ወንድሜ፣ እኔ ታዛዥ ነኝ። ሐጂን ሄደህ ንገራቸው። ከታች ያለው የጎረቤት የቡና ችግኝ ነው፣ ያስጨነቀኝም እሱ ነው።

ጋሽ ዶዘር (10፡08)
የቡና ገበሬ እውነት አለው፣ ግን ባህር ዛፍ በመለቀም ብቻ አይሞትም። ሁለት ሦስት ዓመት ይታገልሃል፣ ከጉቶው ደግሞ ደጋግሞ ያበቅላል፣ ለዚህም ነው ገበሬው የሚወደው። ጉቶ መንቀል ካስፈለገ ደግሞ እንደ ጥርስ ነቃይ አትሳቡት። መጀመሪያ ዙሪያውን ቆፍር፣ ሥሩን በአራት በኩል ቁረጥ፣ ከዚያ ከሥር ግባና አንሳ። በአንድ ጊዜ ስትጎትት ማሽኑ ይዘላል፣ ያኔ ነው ቼይን የሚወልቀው። ገምቼ ልንገርህ? እየጎተትክ ወደ ጎን ዞርክ አይደል?

የማናው ልጅ (10፡11)
አዎ ጋሼ።

ባለ ሎደሩ (10፡12)
ቆይ። "ዞርክ" ሲሉህ "አዎ" አልክ። ኦፕሬተሩ የት ነው?

የማናው ልጅ (10፡13)
ከተማ ሄዷል።

ባለ ሎደሩ (10፡13)
መቼ?

የማናው ልጅ (10፡16)
ጠዋት። ለቅሶ ነው። "ማሽኗን አትንካ፣ ግሪስ ብቻ ቀባ" ብሎኝ ነበር። ሐጂ "ሦስት ጉቶ ብቻ ቀረች" አሉኝ። እሺ አልኩ። ስልኩ አይነሳም። እባካችሁ አትሳደቡ፣ ጊዜ የለኝም።

ጭቃ ሹም (10፡17)
ግሪስ ቀባ አለህ፣ አንተ ደግሞ ግሪስ ልታፈስ ነው። በተቃራኒው የሚሠራ ረዳት።

መካኒኳ (10፡20)
ልጁን ተዉት፣ እኔም የጀመርኩት እንዲሁ ነው። ግን ስማኝ ወንድሜ። ብቻህን እንዳትሠራ። አንድ ሰው ማሽን ላይ ይቀመጥ፣ አንድ ሰው ከቼይኑ ጋ ይሁን፣ እጅ ውስጥ ሲገባ ሞተር ይጥፋ። በጩኸት አትግባቡ፣ በእጅ ምልክት ተግባቡ። ሞተር እየሠራ እጅህን ቼይን ውስጥ ካስገባህ ጣትህ የለም።

አሁን አገባቡ። አፈሩንና ሥሩን በአካፋና በውሃ አጽዳ፣ አይድለሩ (የፊቱ ጥርስ የሌለው ክብ ብረት) ወደ ኋላ እንዲገባ። ጭቃ ከኋላው ካለ ግሪሱ ቢወጣም አይገባም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው "ግሪሱ ወጣ ቼይኑ ግን እምቢ አለ" የሚለው። ድጂኖ ካስፈለገ አይድለሩን ወደ ኋላ ለመግፋት ተጠቀምበት፣ የጎማ ቼይኑን ለመፈልቀቅ አይደለም።

ቼይኑ መጀመሪያ የኋላው ጥርስ ላይ በደንብ ይያዝ። ከዚያ ከላይ በአይድለሩ ጫፍ ላይ አስቀምጠው። ግማሹ እምቢ ሲል ክብ ወፍራም የብረት ቱቦ፣ የውሃ ቧንቧ ይሆናል፣ በቼይኑ ውስጥ በሚገኙት ክፍተቶች ሦስት ቦታ ላይ ጣል አድርግና ማሽኑ ላይ ያለው ሰው ጥርሱን በጣም ቀስ ብሎ ያዙር። ቱቦው አይድለሩ ጋ ሲደርስ ቼይኑን ያነሳዋል። አቁሙ፣ ሞተር ይጥፋ፣ ከዚያ ወደ ጎን ግፋው። ገባ ማለት ነው። ቱቦዎቹን ማውጣት አትርሳ።

የአወይቱ (10፡24)
እኔ ግን አሁንም በፌሮ ነው የማደርገው።

ቀዩ አፈር (10፡26)
ግሪሱን አላላው ከዚያ በድጂኖ።

ጭቃ ሹም (10፡27)
ቀዩ አፈር፣ አንተ ሬዲዮ ነህ እንዴ?

የቡና ገበሬ (10፡30)
ዝናቡ ሳይጀምር ከጉድጓዶቹ በላይ ውሃ የሚያዞር ትንሽ ቦይ ቆፍሩ፣ በዶማም ቢሆን። የጎረቤቱ ችግኝ ተረፈ ማለት ነው። ይሄ ከማሽኑ እኩል ነው።

የማናው ልጅ (11፡48)
ወላሂ ገባች! የፊቱ በኩል ገባ። ጣውላው ሁለት ጊዜ ሰጠመ፣ ቱቦ ደግሞ ከጎረቤት ለመንን። ግሪስ ሲወጣ ከጎን ነበርኩ መካኒኳ፣ እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። ቦዩንም ቆፍረናል። አሁን ግሪስ ስሞላ ግን ቼይኑ ይወጠርና ወዲያው ይላላል። ከቫልቩ አካባቢ ይወጣል መሰለኝ። ባትሪዬ 6 ነው።

መካኒኳ (11፡51)
ማሻአላህ! አሁን በደንብ ለይ። ከቫልቩ ከሆነ ያላላኸውን አልመለስከውም፣ ወይም መቀመጫው ላይ አፈር ገብቷል። ሞተር አጥፋ፣ አጽዳው፣ መልሰህ አጥብቅ፣ ግን በጉልበት አይሁን። ግሪሱ ራሱን ከያዘው ሲሊንደር ጫፍ፣ ከአይድለሩ በኩል ከሆነ የሚወጣው ማሸጊያው ተበልቷል። ያኔ ነገ ጠዋት አትነዳም። ለመጫን ብቻ ውጠረው፣ ቀጥ ብለህ ሂድ፣ አትጠምዝዝ፣ ለኦፕሬተሩም ንገረው። ማሸጊያው ጅማ ከጠፋ ከአዲስ አበባ ያመጡታል፣ 350 ኪሎ ሜትር ነው፣ አያስለቅስም።

ስትወጥር ደግሞ ገመድ አታድርገው። ማሽኗ እንደተነሳች ከመሃለኛው የታች ሮለር (ቼይኑ ላይ ከምትሽከረከረው ትንሽ ክብ ብረት) እስከ ቼይኑ ውስጥ ያለው ክፍተት ለእንዲህ ዓይነቷ ሚኒ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው። የማሽኗ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ተከተል። ሲበዛ የተወጠረ ቼይን ሮለሩንና ጥርሱን ይበላል፣ የላላው ደግሞ ያደረገህን አይተሃል።

ባለ ሎደሩ (11፡55)
ተዳፋት ላይ ሽቅብ ወይም ቁልቁል ቀጥ ብለህ ነው የምትሄደው። በጎን አይኬድም። በጭቃ ላይ እንደ መኪና አትጠምዝዛት፣ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ዙር፣ እንደገና ወደፊት።

ጋሽ ዶዘር (ማታ 1፡10)
የኔ ልጅ፣ ከቫልቩ ነው ወይስ ከሲሊንደሩ? ኦፕሬተሩስ መጣ?

ጭቃ ሹም (1፡14)
ባትሪው አልቋል ጋሼ። ወይም ኦፕሬተሩ መጥቷል።

መካኒኳ (ጠዋት 1፡30)
የማናው ልጅ? ተጫነች?

አዲስ ገበሬ (ጠዋት 3፡05)
ሰላም ወገኖች፣ እንዲህ ያለችው ሚኒ ጅማ ላይ በሰዓት ስንት ነው ኪራይዋ? እኔም ሃያ የሚሆን ጉቶ አለኝ።