ክርክር፦ አፑ ይቅለል ወይስ ሰው ይልመድ?

የገርጂው፦ ትናንት እናቴ በባንኳ አፕ 500 ብር ስትልክ አጠገቧ ነበርኩ። የማረጋገጫ ኮዱ በኤስኤምኤስ መጣ። መነጽሯን ፈልጋ፣ ከአፑ ወጥታ፣ መልእክቱን ከፍታ፣ ስድስቱን ቁጥር በከንፈሯ እየደጋገመች ስትመለስ አፑ ተዘግቶ እንደገና ፒን ይጠይቃታል። ሦስት ጊዜ እንደዚሁ። በመጨረሻ ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «አንተው ላክልኝ» አለች። ፒኗንም ነገረችኝ።
አዲስ አበባ ውስጥ ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ነዳጅ የሚቀዳው በዲጂታል ክፍያ ነው። በስልክ መክፈል ምርጫ መሆኑ እየቀረ ነው። ታዲያ ማን ይስተካከል? እኔ አፑ ነው እላለሁ።

አፕ ሠሪው፦ ወንድሜ፣ አፑ ቶሎ የሚዘጋው ሌባ እንዳይገባበት ነው። ለእናትህ የቀለለ በር ለሌባም ይቀላል። ኤቲኤም ሲመጣም ሰው ፈርቶ ነበር፤ ለመደው።

የገርጂው፦ ሌባ? ፒኗን ለእኔ ነገረችኝ እኮ! ልጅ አጠገቧ የሌላት ደግሞ ለሰፈር ልጅ ትነግራለች። በሩን ያስከፈተው ያ ጥብቅ ያላችሁት ነገር ነው።

ባለ ሱቋ፦ እናንተ ልጆች፣ የኔን ስሙ። ቴሌብር በ2013 ሲጀምር በተራ ስልክም *127# ብሎ መጠቀም ይቻል ነበር፤ ጎበዝ ብያለሁ። ግን ደንበኞቼ ከባንክ መልእክት ሲመጣላቸው የሚያስነብቡት እኔን ነው። እንግሊዝኛ ነዋ! የሰው ሂሳብ ለምን አውቃለሁ?

አፕ ሠሪው፦ እትዬ፣ ምክንያት አለው። አንድ ኤስኤምኤስ በእንግሊዝኛ 160 ፊደል ይይዛል፤ በአማርኛ 70 ብቻ። ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል፣ ወጪው እጥፍ ይሆናል።

ባለ ሱቋ፦ ታዲያ አሳጥሩታ! «1,200 ብር ገብቶልዎታል። ቀሪ ሂሳብ 3,450 ብር።» ቆጠርኩት፣ 40 እንኳን አይሞላም። ቦታውን የሚበላው የበዓል ምኞታችሁና ማስታወቂያችሁ ነው።

አፕ ሠሪው፦ እሺ፣ በዚህኛው ረትተውኛል። ኮዱን ግን አናነሳም።

የገርጂው፦ ማን አንሱ አለ? ኮዱ ይኑር። መልእክቱን አንብባ እስክትመለስ ገጹን አትዝጉባት፣ በቃ።