የጉባኤ እንግዶች ለባሕር ዳር ምን ሠርተው ይሂዱ?

አስተባባሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ኅዳር 9 ባሕር ዳር የሚጀመር የጤና ባለሙያዎች ጉባኤ እያስተባበርኩ ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳና ከጅማ መቶ ያህል እንግዶች ይመጣሉ። ስብሰባው ኅዳር 10 ስለሚያልቅ በማግስቱ ጠዋት፣ ወደየቤታቸው ሳይመለሱ፣ ለከተማው የሚጠቅም የበጎ ፈቃድ ሥራ ቢሠሩ ብዬ ነበር። ችግኝ መትከል ወይም ጣና ሐይቅን የወረረውን የእምቦጭ አረም መንቀል አስቤያለሁ። ፎቶ ተነስቶ መበተን እንዲሆን አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ችግኝ አፍይ፦ እህቴ፣ ሐሳብሽ ደስ ይላል፤ ተከላውን ግን ተዪው። በኅዳር ዝናቡ ወጥቷል፤ የሚያጠጣው ካላገኘ የካቲትን አያይም። ይልቅ ክረምት ላይ የተተከለውን ይንከባከቡ፦ ዙሪያውን መኮትኮት፣ አረሙን መንቀል፣ እርጥበቱ እንዲቆይ ሣር መጎዝጎዝ። ሣሩ ግንዱን እንዳይነካ፣ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ አለዚያ ግንዱ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይመጣበታል። መኮትኮቻ ለሁለት ሰው አንድ ይበቃል፤ አንዱ ሲኮተኩት ሌላው ሣር ያቀርባል። በሐምሌ የሚተክል ሰው ሞልቶናል፤ በኅዳር ዞር ብሎ የሚያይ ነው የጠፋው።

የደንቢያ ልጅ፦ እምቦጩ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የከፋው በሐይቁ ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ በኛ በደንቢያ፣ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከም። መንገዱ ብቻ ጠዋቱን ይበላዋል። ደግሞም ተቆርጦ ውሃ ላይ የቀረው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ የተነቀለውም ከውሃው ርቆ ካልደረቀ ልፋቱ ከንቱ ነው። ለአንድ ጠዋት እንግዳ አይሆንም።

ጤና መኮንን፦ የጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ ስላለበት ለምንም ሥራ ቢሆን ውሃ ውስጥ እንዳይገቡ። ከእንግዶቹ መካከል የነዋሪውን የደም ግፊት መለካት የሚፈልጉ ካሉ አስቀድመሽ የአካባቢውን ጤና ጣቢያ አነጋግሪ። ከፍ ያለበትን ሰው ተቀብሎ የሚከታተል ከሌለ አስደንግጦ መሄድ ነው። የተለካው ቁጥርና ቀኑ በወረቀት ተጽፎ በእጁ ይሰጠው።

የአባይ ማዶዋ፦ ቀኑ እንዴት እንደገጠመልሽ! ኅዳር 11 እኮ የኅዳር ሲታጠን ዋዜማ ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ስንት ሰው ከጨረሰ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ኅዳር 12 ቆሻሻውን ጠርጎ ያቃጥላል። እንግዶችሽ ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር ሆነው በዋዜማው ላስቲኩንና ሃይላንዱን ቢለቅሙ በማግስቱ ጭሱ ውስጥ አይገባም። የጤና ሰዎች አይደሉ? ላስቲክ ማቃጠል ለምን እንደሚጎዳ እየለቀሙ ያስረዱ። ሃይላንዱን ለብቻው በማዳበሪያ ያድርጉት፤ ሰብስበው የሚሸጡ ልጆች አሉ፣ እንጀራቸው ነው። ቆሻሻውን የሚያነሳ መኪና ግን ሳይረጋገጥ አትጀምሩ፤ መንገድ ዳር ተከምሮ ካደረ ውሻ ይበትነዋል።

አስተባባሪዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው ግማሹ ችግኝ፣ ግማሹ ጽዳት። ነገ ደብዳቤ ይዤ ቀበሌ እሄዳለሁ። ለእንግዶቹስ መቼ ልንገራቸው?

ችግኝ አፍይ፦ አሁኑኑ፣ በጥሪው ደብዳቤ ላይ ጻፊው፤ ሽፍን ጫማና ኮፍያ ይዘው እንዲመጡ። ጓንቱን እናንተ አዘጋጁ። ፀሐዩ ሳይበረታ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሩ።