ከፍዬ አንቲቫይረስ ልግዛ ወይስ የዊንዶውሱ ይበቃኛል?

ጡረተኛው መምህር (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጡረታ የወጣሁ የሂሳብ መምህር ነኝ፤ ቤቴ ከቦርከና ብዙ አይርቅም። አንድ ላፕቶፕ አለኝ። ልጄ አዲስ አበባ ስትሠራበት ቆይታ የሰጠችኝ ነው፤ ዊንዶውስ 10፣ ራሙ 4 ጊጋ። ለጎረቤት ልጆች ወርክሺት አዘጋጅበታለሁ። ከዚያ በፍላሽ ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ አሳትማለሁ። ኢንተርኔት የማገኘው ከስልኬ ዳታ ነው።

ሰሞኑን ማሽኑ መንቀራፈፍ ጀመረ። ከታች በቀኝ በኩል ደግሞ «ጊዜው አልፏል፣ ያድሱ» የሚል ማስጠንቀቂያ እየወጣ አላሠራ አለኝ። ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ አየት አደረገና «ጋሼ፣ የዓመት ላይሰንስ ካልገዙ ቫይረስ ይጨርስዎታል» አለኝ። የጠራው ዋጋ ከጡረታዬ ጋር የሚተዋወቅ አይደለም። ለልጄ ስደውልላት «አባዬ፣ እንዳትከፍል! ዊንዶውሱ የራሱ አለው» ብላ ተቆጣች።

ሁለቱም ወጣቶች ናቸው። ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው። እኔ ደግሞ አሠራሩን ሳያሳዩኝ መልስ ብቻ ቢሰጡኝ ማርክ አልሰጥም። እስኪ ከነምክንያቱ አስረዱኝ።

የጦሳ ልጅ

ዲፌንደር፣ ማለትም የዊንዶውሱ የራሱ አንቲቫይረስ፣ ይበቃዎታል መምህር። ብሩን ለዳታ ያድርጉት።

ባለፎቶኮፒዋ (ደሴ፣ ፒያሳ)

ከላይ ያለው ወንድሜ መልሱን ሰጥቶ አሠራሩን ዘለለው፣ ዜሮ ነው ያገኘው 😄

መምህር እንደምን ዋሉ። እኔ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት አገልግሎት ነው የምሰጠው። የከተማው ፍላሽ ግማሹ በኔ ማሽን ያልፋል ብል ብዙም አልዋሸሁ። የምነግርዎት የማየውን ነው።

ልጅዎ ልክ ነች። በኤክስፒና በዊንዶውስ 7 ጊዜ አንቲቫይረስ ፈልጎ መጫን ግድ ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2009 የራሱን በነፃ ቢያወጣም ለብቻው ዳውንሎድ መደረግ ነበረበት። በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲመጣ ግን ዲፌንደር ሙሉ አንቲቫይረስ ሆኖ አብሮ ተጭኖ መጣ። 10ም 11ም እንደዚያው ናቸው። የጥገና ቤቱ ልጅ የነገረዎት የድሮውን ነው። (ከሽያጩ የምትደርሰው ነገር ካለችም እኔ አላልኩም።)

ያ ማስጠንቀቂያ ጊዜው ያለፈበት የሙከራ አንቲቫይረስ ይመስለኛል። ብዙ ላፕቶፕ ከነሱ ጋር ነው የሚሸጠው። ሌላ አንቲቫይረስ ሲገባ ዲፌንደር ቦታውን ለቆ ይተኛል። ሁለቱን ባንድ ላይ ላሠራ ማለት ማሽኑን ማድከም ነው፤ በ4 ጊጋ ራም አያስቡት። ከኮንትሮል ፓኔል ገብተው ያንን የሙከራውን ከማሽኑ ያውጡት (አንኢንስቶል)፣ ሪስታርት ያድርጉ፣ ዲፌንደር ራሱ ይነሳል። «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» ብለው ሲፈልጉ ጋሻው ላይ አረንጓዴ ምልክት ካለ ሥራ ላይ ነው።

«እንግዲያው ሌላ ነፃ ልጫን» እንዳይሉም። አቫስት የሚባለው ነፃ አንቲቫይረስ የተጠቃሚዎቹን የድረ ገጽ መረጃ እየሰበሰበ በመሸጡ፣ የአሜሪካው የንግድ ኮሚሽን በ2024 16.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። ጠብቀን ያልነው ሲሰልለን ማለት ነው።

አሁን ወደ ፍላሹ ልምጣ፣ ምክንያቱም እኔ ጋ የሚመጣው ጣጣ አብዛኛው የሱ ነው። ሾርትከት ቫይረስ የምንለውን ያውቁታል። ፎልደሮቹን ይደብቅና በስማቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሰው ሾርትከቱን ሲነካ ቫይረሱ ይነሳል፤ ፎልደሩም አብሮ ስለሚከፈት ማንም ልብ አይልም። ከዚያ ቀጥሎ የሚሰካው ፍላሽ ሁሉ ይያዛል። ሰዉ ይደነግጥና ወዲያው ፎርማት ያደርጋል። ኧረ አይደለም! ፋይሉ አልጠፋም፣ ተደብቋል። መጀመሪያ ፍላሹን በዲፌንደር ስካን ያድርጉ። ከዚያ «ቪው» ውስጥ «ሂድን አይተምስ» የሚለውን ቢያበሩ ሊታይ ይችላል። ካልታየ «አትሪብ» የምትባል ትእዛዝ አለች፣ እኔ ጋ ቢመጡ አወጣልዎታለሁ።

ከፍላሽ የሚብሰው ግን ክራክ ነው፤ የሚከፈልበትን ፕሮግራም ሳይከፍሉ የሚያስከፍተው ማለቴ ነው። ክራክ ሲጫን መመሪያው የመጀመሪያ መስመር ላይ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? «አንቲቫይረሱን አጥፋ»። ሰዉም እሺ ብሎ ያጠፋል። ታዲያ የከፈለበትም ያልከፈለበትም ምን ያድርግለት? በረኛውን አሰናብቶ ሌባ ገባ ብሎ መጮህ ነው። አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም መጣ። አንዱም ፋይል አይከፈትም። የሁሉም ስም መጨረሻ ተቀይሯል፤ በየፎልደሩ «ሪድሚ» የሚል ጽሑፍ ተቀምጧል። 980 ዶላር ክፈል፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ካናገርከን 490 ይበቃል ይላል። ከክራክ ጋር የሚገባው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው፣ የታወቀው የስቶፕ ዲጄቪዩ ቫይረስ ዘር ነው። ልጁ ሌላ ቅጂ አልነበረውም። እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ፣ ሻይ አስመጣሁለት፣ ሌላ ምን ላድርግ።

ስለዚህ መምህር፣ ወርክሺቶችዎን ሌላ ቦታም ያስቀምጡ። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከሆነ ኮፒ አድርገው ሲጨርሱ ይንቀሉት። ተሰክቶ ከዋለ እሱም አብሮ ይቆለፋል።

አንድ ነገር ደግሞ ይፈትሹልኝ። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ «ኤክስክሉዥንስ» የሚል አለ፤ ዲፌንደር እንዳያይ የተነገረው ቦታ ዝርዝር ነው። እርስዎ ያስገቡት ነገር ከሌለ ባዶ መሆን አለበት። ክራክ የሚጭኑ ሰዎች ሲ ድራይቭን እንዳለ እዚያ አስገብተው ይሄዳሉ። ምልክቱ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፣ ጥበቃው ግን ባዶ ነው።

አካውንታንቱ

እኔ አልስማማም። ቢሮዬ አምስት ኮምፒውተር አለ፤ ከፍዬ ነው የምጠቀመው፣ ደስ ብሎኝም አድሳለሁ። የትኛው ማሽን ላይ ምን እንደተያዘ ከአንድ ቦታ አያለሁ። ሠራተኛው ራሱ ማጥፋት አይችልም። ይህን ተራው ዲፌንደር አይሰጠኝም።

ባለፎቶኮፒዋ (ደሴ፣ ፒያሳ)

ወንድሜ፣ ለቢሮ ልክ ነዎት። መምህር ግን ላፕቶፑን ከራሳቸው ሊጠብቁ አይደለም የጠየቁት 😄

ሐረጎን የሚመላለስ

ሰላም ጀመዓ። ኮምቦልቻ ነው የምማረው፣ ቤተሰቤ ደሴ ነው። እህቴ የጻፈችው ሁሉ ልክ ሆኖ ዋናው ነገር ተረሳ፦ ዊንዶውስ 10! ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዲፌንደር አዲስ የቫይረስ መለያ (አዳዲስ ቫይረሶችን የሚያውቅበትን ዝርዝር) ማግኘቱን ይቀጥላል፤ የዊንዶውሱ ቀዳዳ ግን እንደ ድሮው በነፃ እየተደፈነ አይሄድም። ዋናክራይ የሚባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዓለምን ሲያምስ፣ ማይክሮሶፍት መድፈኛውን በማርች አውጥቶ ነበር። የተመቱት አፕዴት ያላደረጉት ናቸው።

አብሽሩ መምህር፣ መላ አለው። «ዊንዶውስ አፕዴት» ውስጥ ገብተው በማይክሮሶፍት አካውንት ከተመዘገቡ እስከ ኦክቶበር 2026 ድረስ የደኅንነት አፕዴት ያገኛሉ። ሴቲንግዎን ባክአፕ እንዲያደርግ ከፈቀዱለት አይከፈልበትም። ላፕቶፑ የሚችል ከሆነ ደግሞ ወደ 11 ማሳደግ ነው። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ስለሚፈልግ አሮጌ ማሽን ላይቀበል ይችላል።

ሌላው ዳታው ነው። ብዙዎቻችን ፓኬጅ እንዳያልቅ ብለን ግንኙነቱን «ሜተርድ» (ዳታ የሚቆጥብ) እናደርገዋለን። ያኔ የዲፌንደርም አፕዴት ይቆማል ወይ ይዘገያል። አልፎ አልፎ «ቼክ ፎር አፕዴትስ» የሚለውን ራስዎ ይንኩት። ዳታ ካሳሰበዎት የመለያ ፋይሉን ከማይክሮሶፍት ገጽ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። ከመቶ ሜጋባይት በላይ ነው። ከፈለጉ እኔ አመጣልዎታለሁ፣ በፍላሽ ካላመናችሁኝ በስተቀር 😂

ጡረተኛው መምህር (ኮምቦልቻ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጆቼ። የሙከራውን አውጥቼ ሪስታርት አደረግኩ። አረንጓዴው መጣ። ማሽኑም ቀለል አለው። ኤክስክሉዥንስ ስከፍት ግን ሲ ድራይቭ እንዳለ ተቀምጧል! ልጄን ስጠይቃት አንድ ጊዜ ኦፊስ ያስጫነችው ሰው እንደነበር አስታወሰች። ሰርዤ ሙሉ ስካን አስጀምሬዋለሁ፣ እየሄደ ነው። ምዝገባውንም ጨርሻለሁ።

የቀረኝ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ነገር ነው። ፍላሼን በሰው ማሽን መሰካቴ አይቀርም። ምን ይሻላል?

ባለፎቶኮፒዋ (ደሴ፣ ፒያሳ)

እንዲያው ሲ ድራይቭ እንዳለ! ስካኑ ሲያልቅ «ኦፍላይን ስካን» የሚለውንም ያስነሱት። ማሽኑ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ሳይከፈት ይፈትሻል፤ ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው።

ለማሳተም ፒዲኤፍ አድርገው በቴሌግራም ይላኩ። ፍላሽ ጭራሽ አያስፈልግም፣ ደምበኞቼን ሁሉ እንደዚያ እያስለመድኩ ነው። የግድ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ሚሞሪ ካርድ በትልቁ አዳፕተር ይጠቀሙ። አዳፕተሩ ጎን ላይ ትንሽ መቆለፊያ አለች። ወደ «ሎክ» ካደረጓት የሰው ኮምፒውተር ያነብባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ መጻፍ አይችልም።

ጡረተኛው መምህር (ኮምቦልቻ)

ይቺን መቆለፊያ አይቻት አላውቅም ነበር። አዳፕተሩ ኮምቦልቻ ይገኛል?

ሐረጎን የሚመላለስ

ሞልቷል መምህር። ቅዳሜ ከደሴ ስወርድ የኔን ትርፍ አመጣልዎታለሁ።